የማርቲን ሕግና የእኛ አዳራሾች፦ በራስ መዘጋጀት፣ አማካሪ መቅጠር ወይስ ሴኩሪቲ ማቆም?

ብሪታንያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን፣ ምግብ ቤት፣ የኮሚኒቲ ማዕከል ወይም የሠርግ አዳራሽ የምታስተዳድሩ ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ኢሜይል ሳይደርሳችሁ አልቀረም። «የማርቲን ሕግ እየመጣ ነው፤ ካልተዘጋጃችሁ ትቀጣላችሁ» ይላል። ይህ ሕግ ሕዝብ የሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ለሽብር ጥቃት እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ነው። ከኢሜይሉ ሥር የሥልጠና ጥቅል፣ በየወሩ የሚከፈልበት ሶፍትዌርና የካሜራ ዋጋ ይከተላል። ከዚያ ሰበካ ጉባኤው ይሰበሰባል። አንዱ «አማካሪ እንቅጠር» ይላል። ሌላው «በር ላይ ሴኩሪቲ ካቆምን ይበቃል» ይላል። ሦስተኛው «እስኪ መጀመሪያ ይጀምር፣ ያኔ እናያለን» ይልና ስብሰባው ይበተናል።

ከነዚህ መንገዶች የትኛው ለማን እንደሚስማማ እንይ። የማንንም ድርጅት ምርት አላወድስም፣ አላጣጥልምም። አቋሜን ግን ከወዲሁ ልናገር፦ አብዛኞቻችን ለዚህ ሕግ ብዙ ገንዘብ ማውጣት የለብንም። ማውጣት ያለብን ጊዜ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕጉ የጸደቀው አፕሪል 3 ቀን 2025 ነው። ስሙን ያገኘው ከማርቲን ሄት ነው። ማርቲን ሜይ 22 ቀን 2017 በማንችስተር አሬና የኮንሰርት አዳራሽ በደረሰው የቦምብ ጥቃት ከተገደሉት 22 ሰዎች አንዱ ነበር። ሕጉ እንዲወጣ ለዓመታት የተሟገቱት እናቱ ፊገን መሪ ናቸው። መንግሥት ቢያንስ 24 ወር የመዘጋጃ ጊዜ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ስለዚህ ግዴታው ከ2027 የጸደይ ወራት በፊት አይጀምርም። «ዛሬ ካልፈረማችሁ ነገ ትቀጣላችሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ ያው ሻጭ ነው።

ሁለት ደረጃዎች አሉ። በአንድ ጊዜ ከ200 እስከ 799 ሰው ይገኝበታል ተብሎ የሚጠበቅ ቦታ መደበኛው ደረጃ ውስጥ ይገባል። 800ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛው ደረጃ ነው። ለእኛ ጥሩ ዜናው እዚህ ጋ አለ። የአምልኮ ቦታዎች ከ800 ሰው በላይ ቢይዙም መደበኛው ደረጃ ላይ ይቆያሉ። ትምህርት ቤቶችና የሕፃናት ማቆያዎችም እንደዚያው ናቸው።

አቆጣጠሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ዘወትር እሑድ 120 ሰው የሚያስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን «እኛን አይመለከትም» ሊል ይችላል። ግን ጥምቀትስ? የንግሥ በዓልስ? የትንሣኤ ሌሊት ሕዝቡ ኮሪደሩን አልፎ ደረጃው ላይ አይቀመጥም? ሕጉ የሚጠይቀው የአዘቦቱን ቁጥር አይደለም። 200 ሰው አልፎ አልፎ በአንድ ጊዜ ይገኛል ተብሎ በምክንያት ይጠበቃል ወይ ነው ጥያቄው። የሚቆጠረው ደግሞ ምእመኑ ብቻ አይደለም። ካህናቱ፣ ዲያቆናቱ፣ ምድር ቤት ጠበል ጸዲቅ የሚያዘጋጁት እናቶች፣ ሁሉም ይቆጠራሉ።

መደበኛው ደረጃ የሚጠይቀው በዋናነት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ቦታውን ማስመዝገብ ነው። የሚመዘገበው የግል ጥበቃውን ዘርፍ በሚቆጣጠረው ኤስ አይ ኤ በሚባለው መሥሪያ ቤት ነው፤ ይህን ሕግም የሚያስፈጽመው እሱ ነው። ሁለተኛው አራት ሥርዓቶችን ማዘጋጀት ነው፦ ሰውን ከሕንፃው ማስወጣት፣ አደጋው ውጭ ከሆነ ሰውን ወደ ውስጥ ማስገባትና ደህና ቦታ ማድረስ፣ በሮችን ዘግቶ አጥቂ እንዳይገባ መከልከል፣ እና ለሰው በፍጥነት ማሳወቅ። ይህ ሁሉ «በምክንያታዊ አቅም በተቻለ መጠን» ነው የሚጠየቀው። አዲስ በር ግዙ፣ ግድግዳ ሥሩ፣ ካሜራ ትከሉ የሚል ነገር በመደበኛው ደረጃ የለም።

ከፍተኛው ደረጃ ግን ከበድ ይላል። አካባቢውን መከታተል፣ የሰውን እንቅስቃሴ መቆጣጠር፣ የሕንፃውን ጥበቃና የመረጃን ምስጢራዊነት መጠበቅ ይጨመራል። ሁሉም በሰነድ ተጽፎ ለተቆጣጣሪው ይቀርባል። ኃላፊው ድርጅት ከሆነ አንድ ከፍተኛ የሥራ ኃላፊ በስም ይመደባል። ቅጣቱም ይለያያል፦ በመደበኛው ደረጃ እስከ 10,000 ፓውንድ፣ በከፍተኛው እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም ከዓለም አቀፍ ገቢ 5 በመቶ፣ ከሁለቱ የበለጠው።

አማራጮቹን በምን እንመዝን?

ዋጋ የመጀመሪያው ጥያቄ መሆን የለበትም። መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ይህ አማራጭ ለእኛ ሕንፃ የሚሠሩ አራቱን ሥርዓቶች ይሰጠናል ወይ ነው። «ለእኛ ሕንፃ» የሚለው ይሰመርበት።

ቀጥሎ እውቀቱ ማን ጋ ይቀራል? አማካሪው ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ፣ እሑድ ጠዋት በር ላይ የቆመችው በጎ ፈቃደኛ ምን እንደምታደርግ ካላወቀች የተከፈለው ገንዘብ ውኃ በላው።

ሦስተኛው መለኪያ መልእክት ይደርሳል ወይ የሚለው ነው። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። የማንችስተር አሬናን ጥቃት ያጣራው ኮሚሽን ካወጣቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ አጥቂው ትልቅ ቦርሳ ይዞ የደህንነት ካሜራ በማያየው ጥግ ተቀምጦ ነበር። አንድ ወላጅ ተጠራጥሮ ለሠራተኛ ተናገረ። አንድ ወጣት ጥበቃ በሬዲዮ ለማሳወቅ ሞከረ፤ መስመሩ አልያዘለትም። ሬዲዮ ነበር፣ ካሜራ ነበር፣ ጥበቃ ነበር፣ የጠረጠረም ሰው ነበር። የጎደለው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው መንገድ ነው። ወደ እኛ ስናመጣው ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል። አዛውንቶቹ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ልጆቹ አማርኛ ፈጠን ሲል አይከተሉም። ማስታወቂያው በሁለቱም ቋንቋ አጭር መሆን አለበት።

የቀሩት መለኪያዎች ብዙ አያከራክሩም። አንደኛው ወጪው የአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚመላለስ? ሌላው ኃላፊነት ነው። ማንንም ብትቀጥሩ ሕጋዊው ኃላፊነት ቦታውን ከሚቆጣጠረው አካል አይወርድም። «እነሱ ናቸው የሠሩልን» ማለት አያድንም።

አማራጭ 1፦ በራስ መዘጋጀት

የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ራሱ ሕጉን ለማክበር የግድ አማካሪ ወይም ምርት መግዛት እንደማያስፈልግ ይናገራል። ፕሮቴክት ዩኬ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ መመሪያዎች በነፃ አሉ። ኤ ሲ ቲ የሚባለው የፖሊስ የፀረ ሽብር የኢንተርኔት ሥልጠናም ነፃ ነው፤ ማንም በስልኩ ሊወስደው ይችላል። እንግሊዝኛው የሚከብዳቸው አገልጋዮች ካሉ፣ አንድ ወጣት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ እያስረዳ ቢያስጨርሳቸው ይሻላል። ወረቀቱን በአማርኛ ተርጉሞ ከማደል ይህ የበለጠ ይያዛል።

ዋናው ሥራ ግን ከስክሪን ውጭ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሦስት አራት ሰዎች ሆናችሁ ሕንፃውን ዙሩ። እያንዳንዱን በር በእጃችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከውስጥ ያለ ቁልፍ ይቆለፋል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? እሱ የቀረ ቀንስ? የጎኑ በር ፊት ለፊት የተደረደሩት የሕፃናት ጋሪዎች ሰው ያሳልፋሉ?

ጫማውን አትርሱ። የትኛውም የእንግሊዝኛ የዕቅድ ናሙና ይህን አይነግራችሁም። እኛ ቤተ መቅደስ የምንገባው ጫማ አውልቀን ነው። ሦስት መቶ ጥንድ ጫማ መውጫው አፍ ላይ ተከምሮ፣ ሕዝቡ በድንጋጤ ሲወጣ ምን እንደሚሆን አስቡት። ግማሹ ይደናቀፋል፤ ግማሹ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የራሱን ይፈልጋል። መደርደሪያውን ከመውጫው መንገድ ወደ ጎን ማዞር ሳንቲም አያስወጣም። «ጫማ ትታችሁ ውጡ» የሚለው ቃልም ማስታወቂያው ውስጥ መግባት አለበት።

ሌላው የማይክሮፎኑ ነገር ነው። ቅዳሴ እየተቀደሰ ማን ነው ማቋረጥ የሚችለው? ብዙ ቦታ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። በር ላይ ያለው ልጅ አደጋ ቢያይ እንኳ ካህኑን አቋርጦ ለመናገር ይፈራል፣ ያፍራል። አስተዳዳሪው አባት ራሳቸው፣ ሕዝቡ በተሰበሰበበት፣ «እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ እገሌና እገሊት ማይኩን ይያዙ፤ ፈቅጃለሁ» ቢሉ ከየትኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። በር መዝጋትም እንዲሁ ነው። ኦክቶበር 2 ቀን 2025፣ በአይሁድ የዮም ኪፑር በዓል ዕለት፣ ማንችስተር ያለው የሂተን ፓርክ ምኩራብ ሲጠቃ ሁለት ሰዎች ሞተዋል። ውስጥ የነበሩት ምእመናን ግን በሩን ዘግተው በሰውነታቸው ደግፈው አጥቂው እንዳይገባ አድርገዋል።

የዚህ አማራጭ ድክመት አንድ ነው፦ ሰው ይሰላቻል። ኮሚቴ ይቀየራል፣ ፋይሉ የድሮው ጸሐፊ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ኃላፊነቱን ለአንድ ሰው በስም ስጡ፣ ምክትልም ይኑረው። ልምምዱንም ከአንድ የታወቀ ቀን ጋር እሰሩት። ለምሳሌ ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ።

አማራጭ 2፦ አማካሪ መቅጠር

ጥሩ አማካሪ በአንድ ጉብኝት እናንተ በዓመት የማታዩትን ያያል። በተለይ ሕንፃው ውስብስብ ከሆነ፣ ፎቅና ምድር ቤት ካለው፣ ወይም ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ከተጋራችሁት ጠቃሚ ነው። ከፍተኛው ደረጃ ውስጥ ላለ የኮንሰርት አዳራሽ ደግሞ እንደ ቅንጦት አላየውም።

ግን አማካሪ ሁሉ አማካሪ አይደለም። ከመፈረማችሁ በፊት የሠራውን አንድ ሰነድ አሳዩኝ በሉ፤ የደንበኛው ስም ይሸፈን። ሰነዱ ለየትኛውም ሕንፃ ቢሰጥ የሚሆን ከሆነ ከፕሮቴክት ዩኬ በነፃ ከምታገኙት አይሻልም። ሕንፃውን ሰው ባለበት ሰዓት ያያል ወይ? ባዶ አዳራሽ ማክሰኞ ቀን ጎብኝቶ ስለ ትንሣኤ ሌሊት የሚጽፍ አማካሪ አትቅጠሩ። በጎ ፈቃደኞቹን ቁጭ አድርጎ ያለማምዳል ወይስ ፒዲኤፍ ልኮ ይጠፋል? «በመንግሥት የተፈቀደ የማርቲን ሕግ ምርት ነው» የሚለውን ደግሞ አትመኑ። መንግሥት የማንንም የግል ምርት ለዚህ ሕግ አላጸደቀም።

አማራጭ 3፦ ሶፍትዌርና የወር ክፍያ

ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ይጠቅማል። ማን ሥልጠና እንደወሰደ፣ ልምምድ መቼ እንደተደረገ ይመዘግባል። አንድ አዳራሽ ላለው ማኅበር ግን ደብተርና የዋትስአፕ ግሩፕ ያንኑ ይሠራሉ። ክፍያው ሲቋረጥ መዝገቡስ የት ይሄዳል? ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አማራጭ 4፦ ሴኩሪቲ ማቆም

ይህ ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ስለሚታይ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ሰው በር ላይ ሲቆም ሕዝቡ ይረጋጋል። የበዓል ቀን መጨናነቅን ያስተካክላል፣ ሰካራም ይመልሳል። ከጥበቃ ድርጅት የሚቀጠረው ሰው የኤስ አይ ኤ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ይህንን መሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው መዝገብ ማጣራት ይቻላል።

ሆኖም ጥበቃ ማለት ሥርዓት ማለት አይደለም። ዛሬ የመጣው ጠባቂ በሚቀጥለው እሑድ ሌላ ቦታ ይመደባል። የኋላው በር የት እንዳለ አያውቅም፣ አማርኛ አይናገርም፣ ማይኩን ማን እንደሚይዝ አልተነገረውም። ፈቃድ ያለው ሰው ስለቀጠራችሁም ተቆጣጣሪው ዕቅዳችሁን አጸደቀ ማለት አይደለም። ሴኩሪቲ ከቀጠራችሁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሕንፃውን አዙራችሁ አሳዩት፣ አራቱን ሥርዓቶች ንገሩት፣ ከእናንተ ሰው ጋር አጣምሩት።

አማራጭ 5፦ ከአከራዩ ጋር መሥራት

ብዙ የሐበሻ ጉባኤዎች የራሳቸው ሕንፃ የላቸውም። ከእንግሊዞቹ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ይከራያሉ። በዚህ ጊዜ ግዴታው አብዛኛውን ጊዜ ሕንፃውን የሚቆጣጠረው የአከራዩ ነው። ይህ ግን እጅ አጣጥፎ ለመቀመጥ ምክንያት አይሆንም። ሕዝቡ የእናንተ ነው፤ በሩንም በዚያ ሰዓት የምትከፍቱት እናንተ ናችሁ። የአከራዩን ዕቅድ ጠይቁ። ቁልፍ ይሰጣችኋል? የእሳት አደጋ መውጫው በእናንተ ሰዓት ክፍት ነው? የእነሱ ሰው በሌሊት ቅዳሴ ሰዓት የለም፤ ታዲያ ማን ይደውላል?

ባጭሩ

| አማራጭ | ለማን ይሻላል | ወጪ | ጥንካሬ | ክፍተት |
|---|---|---|---|---|
| በራስ መዘጋጀት | መደበኛ ደረጃ፣ አንድ ሕንፃ | ገንዘብ የለም፣ ጊዜ ይወስዳል | እውቀቱ ቤት ይቀራል | ክትትል ካልኖረ ይረሳል |
| አማካሪ | ከፍተኛ ደረጃ፣ ውስብስብ ሕንፃ | መካከለኛ እስከ ከፍተኛ | የሠለጠነ ዓይን | የተቀዳ ሰነድ ሊሸጥላችሁ ይችላል |
| ሶፍትዌር | ብዙ ቅርንጫፍ | በየወሩ ወይም በየዓመቱ | መዝገብ ይይዛል | በሩን አይዘጋም |
| ሴኩሪቲ | ትልልቅ በዓላት፣ ኮንሰርት | በሰዓት፣ ይከማቻል | ይታያል፣ ሕዝብ ያስተናብራል | ሰው ይቀያየራል |
| ከአከራይ ጋር | ተከራይ ጉባኤ | የለም ማለት ይቻላል | ኃላፊነቱ ግልጽ ይሆናል | በእናንተ ሰዓት አከራዩ የለም |

እናንተ የትኛው ናችሁ?

ከ200 ሰው በታች የሚይዝ ምግብ ቤት ካላችሁ ሕጉ አይመለከታችሁም። ሆኖም ነፃውን ሥልጠና ሠራተኞቻችሁ ቢወስዱት አይጎዳም። ጁን 3 ቀን 2017 ለንደን ብሪጅና ቦሮ ማርኬት ላይ ጥቃት ሲደርስ በራቸውን ዘግተው ደንበኞቻቸውን ያቆዩ ምግብ ቤቶች ነበሩ።

የራሱ ሕንፃ ያለው ቤተ ክርስቲያን አማራጭ 1ን ይያዝ። ለትንሣኤና ለጥምቀት ሴኩሪቲ ቢጨምር ጥሩ ነው፣ ግን በራሱ ሰዎች ላይ ተደርቦ። ትንሽ ገንዘብ ካለ ሙሉ ጥቅል ከመግዛት አማካሪን ለአንድ የበዓል ቀን ጠርቶ ማስገምገም ይሻላል። ካሜራና በር ለማሠራት የሚፈልግ ደግሞ ከምእመናን መዋጮ ከመጀመሩ በፊት፣ ለአምልኮ ቦታዎች ጥበቃ የሚሆን የመንግሥት ድጋፍ በዚያን ጊዜ ክፍት መሆኑን ያጣራ።

ተከራይ ጉባኤ ከሆናችሁ፣ ለአከራዩ ዛሬ አጭር ኢሜይል ጻፉ። የትኛው ደረጃ ውስጥ እንደሆነ፣ ዕቅዱን መቼ እንደሚያሳያችሁና በእናንተ ሰዓት ኃላፊው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ያዙ።

የኮንሰርትና የፌስቲቫል አዘጋጆች ጠንቀቅ በሉ። ከ800 በላይ የሚይዝ አዳራሽ ከተከራያችሁ ግዴታው በአብዛኛው የአዳራሹ ነው፤ እናንተ ከእነሱ ጋር ትተባበራላችሁ። ሜዳ ተከራይታችሁ፣ አጥር አጥራችሁ፣ ትኬት እያያችሁ 800 ሰውና ከዚያ በላይ የምታስገቡ ከሆነ ግን፣ ቦታውን ለዝግጅቱ የተቆጣጠራችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ከፍተኛው ግዴታ በእናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። እዚህ ላይ አማካሪም ሴኩሪቲም ባጀት ውስጥ ይግቡ፣ ከዘፋኙ ክፍያ ጋር እኩል ቀን። ከዘፋኙ ክፍያ የተረፈውን ለሴኩሪቲ መስጠት ልማድ ሆኗል፤ የተረፈ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የለም። ዘፋኙ ደግሞ ሁሌም ይዘገያል። መድረኩ ባዶ በሆነበት በዚያ ረጅም ሰዓት ሕዝቡ የሚከማቸው መግቢያው ላይና መጠጥ መሸጫው ጋ ነውና፣ የጥበቃ ድልድላችሁን ስትሠሩ ከመድረኩ በፊት እነዚህን ሁለት ቦታዎች አስቡ።